የአባባ ዱዓና የኮረንቲው ሳጥን

ለውድ ታላቅ ወንድሜ ለሙስተፋ፣ ድሬዳዋ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ጤናህ እንዴት ነው? ሙቀቱስ እንዴት አደረገህ? ባለቤትህ ዘይባስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? ያ የታመመ ጥርስህ ተነቀለ ወይስ አሁንም ከነሥቃዩ ተሸክመኸው ትዞራለህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም በሕይወት አለን። ይህን ለወጉ ያህል አልጻፍኩትም፤ አንብበህ ስትጨርስ ይገባሃል።

የእህታችን የከድጄ ሰርግ እሑድ ነው። የላክኸውን ትራንስፎርመር የአክስታችን የሃሊማ ልጅ ሀቢቡ ከአሮጌ ራዲዮ ዕቃ ጋር ገጣጥሞ የድምፅ ማጉያ ሠራበት። እውነቱን ልንገርህ፣ ይናገራል! በሱቁ ሲሞክረው ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ አህያውን ይዞ ቆሞ ሰማ። አባባም ከዚያ ወዲህ የሙሽራዋን ዱዓ በማይክሮፎን ካላደረግሁ አሉ። ከመስቃን ዘመድ ሁሉ ጠርተው፣ ድምፄ ከዳሱ ውጭ ላለውም ይሰማል ብለው አስወሩ።

ረቡዕ የማጉያው የቆርቆሮ ሳጥን እቤት መጣ። የቤቱ ወለል ለሰርጉ በአዛባ ተለቅልቆ ገና አልደረቀም ነበር። አመሻሽ ላይ የከተማው የመብራት ሞተር እንደተነሳ ሀቢቡ ሶኬቱን ሰካ። እማማ አቧራውን ልጥረግለት ብለው በባዶ እግራቸው ቀረብ አሉና ቆርቆሮውን ሲነኩት ጮኸው ወደ ኋላ ወደቁ። አንዳች ነገር ያዘኝ ነው የሚሉት።

ሀቢቡ ሳጥኑን በእጁ ዳበሰው፤ ምንም አልሆነም። ደንግጠው ነው እንጂ ምንም የለውም ብሎ ሳቀ፤ አባባም አብረው ሳቁ። እኔ ግን እግሩን አየሁ። ዕቃ ተሸክሜአለሁ ብሎ የጎማ በረባሶውን ሳያወልቅ ነበር የገባው። በሱቁም ሲሞክረው የሚጫማው እሱኑ ነው። እኛ ቤት ደግሞ እንደምታውቀው ጫማ ደጅ ይቀራል። ባዶ እግሬን እንደቆምኩ በእጄ ጀርባ ነካ አደረግሁት። ወንድሜ፣ እስከ ትከሻዬ መታኝና ከግድግዳው ጋር አላተመኝ።

ያኔ ሀቢቡ ሳቁን ዋጠ። ሶኬቱን ነቅሎ ሳጥኑን ቢከፍተው፣ ትራንስፎርመሩን በቡሎን ሲያጠብቅ አንዱ ሽቦ ከሥሩ ገብቶ ተጨፍልቋል፤ የቆርቆሮው ጠርዝ ልባሱን በልቶታል። ኮረንቲው ሳጥኑን ሁሉ ይዞታል ማለት ነው። ማይክሮፎኑም ብረት ነው፣ ከዚያው ቆርቆሮ ጋር ይገናኛል። ትራንስፎርመሩ ተነስቶ እንደገና መታሰር፣ ሽቦው የሚያልፍበት ቀዳዳ ላስቲክ መልበስ፣ ከሳጥኑም ሽቦ ወርዶ መሬት ውስጥ መቀበር እንዳለበት የነገረን ራሱ ሀቢቡ ነው። ይህን ሁሉ ተናግሮ ሲያበቃ የተላጠውን በፕላስተር ጠቀለለና ለአንድ ቀን ይበቃል አለ። ዕቃው ያለው አዲስ አበባ ነው፣ ሰርጉ ደግሞ ደርሷል።

አባባን እባክዎ በጫማ ይቁሙ ብዬ ለመንኳቸው። ዱዓ በጫማ ሆኜ አላደርግም፣ ይህን ሁሉ እንግዳ ጠርቼም ሽቦ ፈርቼ አልዋረድም አሉኝ። ፈሪነቴን ከልጅነቴ ጀምሮ ስትስቅበት ኖረሃል። ፈሪ ለናቱ ይባላል፤ እኔ ለአባቴም ልሁን አልኩ። ዛሬ ጠዋት ሰዉ ዳስ ሲተክል ትራንስፎርመሩን ከነቡሎኑ ነቅዬ ወደዚያ ለሚመጣው ነጋዴ ለሸምሶ ሰጠሁት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የደረሰህ ከባድ ጥቅል እሱ ነው።

አባባ ሲሰሙ በሰው ፊት አዋረድከኝ፣ እሑድ ዳሱ ውስጥ እንዳላይህ አሉ። እህቴ ስትዳር ከአጥር ውጭ ልቆም ነው። አልዋሽህም፣ አንገብግቦኛል። ከሰርጉ በኋላም ቢሆን መልሰህ ላክ ቢሉህ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ላስቲኩና የመሬቱ ሽቦ ሳይኖር እንዳትልከው። ለእሳቸውም ጻፍላቸው፤ እኔን ባይሰሙ አንተን ይሰማሉ።

እማማ እጃቸው ተሽሏቸዋል፤ ሰላም በልልኝ ብለዋል። ከድጄ በእኔም በአባባም እየተቆጣች፣ ስለ አንተ ግን እያለቀሰች ሰላም ትልሃለች። አክስታችን ሃሊማ የልጄን ስም አጠፋህ ብላ ብታኮርፈኝም ላንተ ሰላምታዋን አልነፈገችም። ሀቢቡ ፊቱን አዙሮብኛል። የአባባን ሰላምታ ከየት ላምጣልህ? አያናግሩኝም። ይህን ስጽፍ እንኳ ዳሱ ውስጥ ሆነው ስሜን እየጠሩ ሲቆጡ፣ ያለ ማይክሮፎን እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ይቆጡኝ፤ ብቻ ይኑሩልኝ።

ወንድምህ ሸረፋ
ቡታጅራ፣ ዓርብ የካቲት ፭ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.