የሚጾመው ሴንሰር

ሰኞ፣ ኅዳር 8
በታላቅ ሐዘን ይገለጻል፦ የወንበሬ አምስተኛ ጎማ ዛሬ ጠዋት በሥራ ላይ እያለ አርፏል። ሥርዓተ ቀብሩ መሳቢያዬ ውስጥ ተፈጽሟል።

ሌላ... ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ስክሪኔ ቀላ። የሦስተኛ ፎቅ ኔትወርክ ክፍል ቮልቴጅ ወረደ ይላል የሴንሰሩ አለርት። የክፍሉ ቁልፍ ስለሌለኝ ለኃላፊዬ ለበለጠ ደወልኩ። "አይቼዋለሁ፣ ምንም የለም፣ ዝጊው" አለኝ። ዘጋሁት። ይሄ ሴንሰር ውሸታም ነው። በቃ!

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ እንደገና ወረደ። አሁን ግን ኔትወርኩን የሚያከፋፍለው ስዊችም ጠፋ። ፎቁ አርባ ደቂቃ ያለ ኔትወርክ። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ አርያም አስጠሩን። በለጠ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ "ማለቴ... ትናንት አለርቱን ሳታጣራ ዘግታዋለች።"
"አንተ አይደለህ ዝጊው ያልከኝ?"
"በጽሑፍ አለሽ?"
የለኝም። እሱ ግን በጽሑፍ ሰጠኝ፤ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ። አንድ ጥፋት ከተጨመረ ስንብት ነው። "ያልታየ አለርት የለም፤ ያላየ ሰው እንጂ" ይላል። እንዴት ያምራል... አስቀምጥለታለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11
ሦስት ሰዓት ከሩብ። ቀላ። መብራት እንኳ እንዲህ ሰዓት አክብሮ አይሄድም! ኤሌክትሪሺያኑን ኢተፋን ጠየቅሁት።
"እጸዬ፣ ኔትወርኩን የሚመግበው ዩፒኤስ ላይ አንድ ጉድ እየተሰካ ነው። ምድጃ የሚያህል።"
ቁልፍ ያላቸው አራት ሰዎች ናቸው። ማን ይሆን? ማን እንዲሆን እንደምመኝማ...

ሰኞ፣ ኅዳር 15
ጾመ ነቢያት ገባ። ሦስት ሰዓት ከሩብ፦ ዝም። ስድስት ሰዓት፦ ዝም። ተሻለው እንዴ? ዘጠኝ ከአምስት ላይ ቀላ!
የድሮውን መዝገብ ገለጥኩ። ረቡዕና ዓርብ ሁሌ ከዘጠኝ በኋላ፣ ሌላው ቀን ጠዋት። ሴንሰሩ ይጾማል! ንስሐ አባቱ ማን ይሆኑ?
ከአራቱ ባለ ቁልፎች እስከ ዘጠኝ የሚጾም አንድ ብቻ ነው። መጠየቅም አያስፈልግ። "እኔ እስከ ዘጠኝ ነኝ" እያለ ፎቅ ለፎቅ የሚያውጅ... በለጠ! እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ብቻዬን ሳቅሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16
አለርቱ በቀጥታ ወይዘሮ አርያም ስልክ ላይ እንዲገባ አደረግሁ። ዘጠኝ ከአምስት። ጮኸ።
"እጸገነት፣ ምንድን ነው ይሄ?"
"አላውቅም፣ አብረን ብናየው ይሻላል። ሳላይ እንዳልዘጋ ማስጠንቀቂያ አለብኝ።"
በራሳቸው ቁልፍ ከፈቱ። በለጠ ቁጢጥ ብሎ፣ ምድጃው ዩፒኤሱ ላይ ተሰክቶ፣ ሽሮው እየተንተከተከ። ከሕንፃው ሥር ካዛንቺስን የሞላ የጾም ምግብ ቤት እያለ!
"ማለቴ... ጾም ነው እኮ..."
"ጾሙን ተወው፤ የዚያን ቀን ኔትወርኩን ያጠፋው ይሄ ነው?" አሉት። ሽሮውን አየ። ምድጃውን ነቀለ።
ለስለስ አድርጌ፣ "ያልታየ አለርት የለም፤ ያላየ ሰው እንጂ" አልኩ። ምንኛ ይጣፍጣል...

ሐሙስ፣ ኅዳር 18
ማስጠንቀቂያዬ ከፋይሌ ወጣ። በለጠ ሰንጋ ተራ ወዳለው ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረ፤ ምድጃውንም ታቅፎ። ወንበሩን እኔ ወሰድኩ። አምስቱም ጎማ ይሽከረከራል። ያሳዝነኛል? ...እስኪ ሰኞ አየዋለሁ።

ማረሚያ፦ በኅዳር 8 ገጽ "ይሄ ሴንሰር ውሸታም ነው" ተብሎ የሰፈረው በስሕተት መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ "ሴንሰር" የሚለው ተሰርዞ "በለጠ" ተብሎ ይነበብ። ሴንሰሩን ይቅርታ እንጠይቃለን።