ስለ አንዲት የአተር ፍሬና አማርኛ ስለማይሰማው አጸደ ሕፃናት

ለተከበሩ አቶ መሐሪ፣
በፍኖተ ሰላም ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ለሚገኘውና በእንግሊዝኛ ብቻ ለሚያስተምረው አጸደ ሕፃናት ባለቤትና ርእሰ መምህር፤

ይህን የምጽፍልዎ እኔ መሪጌታ ይርሳው ታከለ፣ በግቢዎ የምትማረው የሕፃን ውዳሴ ክንዱ አያት ነኝ። ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግሁት፣ ለእርስዎ በአማርኛ የሚነገር ነገር እንደማይሰማ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በሚገባ ስለ ተረዳሁ፣ ምናልባት ከከተማው ሕዝብ መካከል የሚሰማ ሰው ቢገኝ ብዬ ነው።

አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እግዚአብሔር ዓይንዎን ከማየት፣ እግርዎን ከመራመድ አያጉድልብዎ፤ ለጆሮዎ የምመኝልዎን ግን ዝቅ ብለው ያገኙታል። ቤተሰብዎ፣ መምህራንዎ፣ እንዲሁም ሚሊኒየሙን በእንግሊዝኛ የሚቀበል ትውልድ እናፈራለን የሚል ጽሑፍ ይዞ በበርዎ ላይ የተሰቀለው ትልቅ ጨርቅ እንደ ምን ሰንብተዋል? የሰሞኑ ነፋስ አንደኛውን ጫፍ ቀዶታል ሲሉ ሰምቼ ከልብ አዝኛለሁ።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት፣ ይህ ሽማግሌ የባዕድ ቋንቋ ጠላት ነው እንዳይባልብኝ ጥቂት ልናገር። እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የእናቴ ያልሆነ ቋንቋ ስማር የኖርሁ ሰው ነኝ። የኔታ ግእዙን በግእዝ እያስጠኑ ምሥጢሩን በአማርኛ ይነግሩኝ ነበር፤ ሆዴን አመመኝ ብዬ በአማርኛ ብነግራቸውም በግእዝ ካልሆነ አልሰማህም ያሉኝ ቀን የለም። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ወለተ ሥላሴ ደግሞ ከቡሬ ወዲያ ካለው የአዊ አገር የመጣች ነበረች። ልጃችንን ክንዱን በአገውኛ ታናግረው ነበር፤ እርሱ በአማርኛ ይመልስላታል፤ እርሷም ትሰማዋለች። እንዲህ ሲል ሲል አንድ ቀን ሳያስበው በአገውኛ መለሰላት። ዛሬ በሁለቱም እየተከራከረ ይነግድበታል። ቋንቋ በቋንቋ ላይ የሚጨመረው እንዲህ እንደ ሆነ በገዛ ቤቴ አይቻለሁ።

ስለዚህ ክንዱና ባለቤቱ ሠርክአዲስ ለልጃቸው ትምህርት ቤት ሲመርጡ አልተቃወምሁም። የጎበኟቸው ሁለት ነበሩ። አንደኛው ከቤታችን አጠገብ ያለ፣ ፊደል እያስቈጠረ ጥቂት እንግሊዝኛ የሚጨምር ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ልጆቹ ይንጫጩበታል ብለው ተዉት። የእርስዎን ሲጎበኙ ግን ከዳር እስከ ዳር ጸጥታ የሰፈነበት ሆኖ አገኙት፤ በዚያ ጸጥታም ልባቸው ተማረከ። ያን ሁሉ ሕፃን ያን ያህል ዝም ያሰኘው ምን እንደ ሆነ የጠየቀ አልነበረም። አሁን መልሱን ስላገኘሁት፣ ቅሬታዬን በታላቅ ትሕትና በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ። በግቢዎ ውስጥ አማርኛ መናገር አይከለከልም፤ አይሰማም እንጂ። ይህ ከተራ ክልከላ የረቀቀ መሆኑን አደንቃለሁ። ውኃ የጠማው ሕፃን በእናቱ ቋንቋ ቢለምን መምህርቱ ፊቷን ታዞራለች፤ ሽንቱ የመጣበትም እንደዚሁ፤ ሕፃኑ ቃሉን ካላገኘ ጥማቱን ይዞ ይቀመጣል፤ ሽንቱን ግን ይዞ መቀመጥ ስለማይችል ሱሪው ይመሰክርበታል። የውዳሴ መምህርት ቤቴል የማንኩሳ ከተማ ልጅ ናት፤ አባቷን አውቃቸዋለሁ። በገበያ ቀን በቅቤ ዋጋ ስትከራከር የሰማሁት አማርኛዋ ለአደባባይ የሚበቃ ነው። በእርስዎ በር ስትገባ ግን ቋንቋው ይጠፋባታል፤ ወደ ማታ ስትወጣ ተመልሶ ይመጣላታል። ገድልና ድርሳን ብዙ አንብቤአለሁ፤ በየቀኑ፣ ያውም በደመወዝ የሚደረግ እንዲህ ያለ ተአምር ግን አላጋጠመኝም። መንግሥት ሁሉም በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማር ብሎ ባወጀበት ዘመን፣ የእኛን ልጆች ከዚህ ሸክም ነጥለው ስላሳረፉልን ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሁለተኛ። ይህ ደንብ በግቢዎ አጥር ሳይወሰን ወደ ቤታችን ገብቷል። ልጅቱ በቤትም አማርኛ ስትናገር እንዳትሰማ ለወላጆቿ መመሪያ ሰጡ፤ እነርሱም ፈጸሙ። ሠርክአዲስ በተማረችው መጠን በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ የምትመልሰው ባጣች ጊዜ ፈገግ ትላለች። ቀጥለውም በቤቱ ውስጥ የማይታረም አማርኛ ያለበት ሽማግሌ መኖሩን ሰምተው፣ ሕፃኗ እስክትለምድ ድረስ ከእኔ እንድትርቅ መከሩ። ልጄ ክንዱ አንገቱን ደፍቶ መጣና ለአንድ ዓመት ብቻ ነው አባቴ ብሎ ለመነኝ። እሺ አልሁት። እሺ ያልሁትን የማፈርስ ሰው አይደለሁምና በጓሮ ወዳለችው ክፍል ዕቃዬን አዛወርሁ። ከልጅ ልጄ ጋር የምንገናኘው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሆነ። እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም፤ እርሷ አማርኛ እንዳትናገር ታዝዛለች፤ ስለዚህ ዳቦ ቈርሼ እሰጣታለሁ፣ ትበላለች፣ እንተያያለን፣ ትሄዳለች። በዕድሜዬ ሱባኤ የገባሁባቸው ገዳማት ነበሩ፤ እንደዚያ እሑድ ያለ አርምሞ ግን በአንዱም አልገጠመኝም።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ስለ አተሯ ነው፤ ይህን ሲያነቡ ቢቻል ተቀምጠው ያንብቡ።

ቍጥር ለማስተማር ለየሕፃኑ እፍኝ አተር ታድላላችሁ። ልጆቹ ዋን፣ ቱ፣ ስሪ እያሉ ይቈጥሩታል። መልካም ዘዴ ነው። የሚቈጥሩትን ነገር ስም ግን አላስተማራችኋቸውም ነበር፤ በዚህ በአተርና በባቄላ አገር የተወለዱ ልጆች ስሙን በእናታቸው ቋንቋ ያውቁታልና ምናልባት አያስፈልግም ብላችሁ ይሆናል። ከዕለታት አንድ ቀን ታዲያ ከውዳሴ አጠገብ የሚቀመጠው የጎረቤታችን ልጅ ናሁሰናይ፣ ቈጥሮ ሲሰለቸው አንዷን ፍሬ በአፍንጫው ከተታት። ውዳሴ አየች። ተነሥታም ናሁሰናይ አተር በአፍንጫው ከተተ ብላ ለመምህርቷ ተናገረች። አልተሰማም። ሁለተኛ ተናገረች። መምህርቷ ፊቷን አዞረች። ልጅቱ በዚህ ጊዜ ያላትን እንግሊዝኛ ሁሉ በልቧ ፈትሻ አንዲት ቃል አገኘች፤ የናሁሰናይን አፍንጫ በጣቷ እየነካች ኖዝ፣ ኖዝ አለች። ያን ጊዜ ተሰማች። መምህርቷ ቬሪ ጉድ አለች፤ ክፍሉ ሁሉ አጨበጨበ፤ ሁሉም የየራሱን አፍንጫ ይዞ ኖዝ እያለ ዘመረ። ናሁሰናይም አተሩን በአፍንጫው እንደ ያዘ አብሮ ዘመረ።

ውዳሴ በእጇ ጀርባ በቀይ እስክሪብቶ ኮከብ ተሥሎላት ወደ ቤት ገባች። ወላጆቿ ኮከቡን እያዩ ሲደሰቱ አመሹ፤ እንዳይጠፋም እጇን ሳያስታጥቡ አስተኟት። እሑድ ደርሶ ለእኔ ስታሳየኝ ደብዝዞ ነበር፤ እኔም ምን ዐውቄ፣ እጇን ስሜ በምልክት መረቅኋት።

የናሁሰናይ እናት መጀመሪያ ጉንፋን መሰላት፤ ጤናዳም አሸተተችው። ከሳምንት በኋላ አፍንጫው ይሸት፣ ፊቱም ያብጥ ጀመር፤ ትኵሳቱም ሲያይል አዝላው ወደ ሐኪም ሮጠች። ነርሷ በመቈንጠጫ ስትስብ አተሯ ወጣች፤ አብጣ፣ ተሰንጥቃ፣ ነጭ ቡቃያ አውጥታ ነበር። ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ቁስሉ ወደ ዓይኑ ያልፍ ነበር ተብሏል። አቶ መሐሪ ሆይ፣ በግቢዎ ዓመቱን ሙሉ ከተዘራው ሁሉ ሲበቅል የታየው ይህ ብቻ ስለ ሆነ፣ ለፍሬያማነትዎ እንኳን ደስ ያለዎ እላለሁ።

በክፍሉ የሆነውን የነገረችኝ ራሷ ቤቴል ናት። ጭንቀቱ ቢበረታባት አመሻሽ ላይ ቤታችን መጥታ፣ አልሰማችም አትበሉኝ፣ ሰምቼ ነበር፤ ላለመስማት ፊቴን ከማዞሬ ብዛት የቱ ጨዋታ የቱ ቁም ነገር እንደ ሆነ መለየት ተሳነኝ ብላ አለቀሰች። በዚህ ምክንያት ከሥራ እንዳያሰናብቷት አሳስባለሁ። የነገረችኝ በአማርኛ ስለ ሆነ፣ በደንብዎ መሠረት ምንም አልተናገረችም።

አራተኛ። ወላጆችን በቀበሌው አዳራሽ ሰበሰቡ። እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። የናሁሰናይ እናት ልጄ ሲቸገር ማን አየልኝ ብላ ስትጠይቅዎ የመለሱትን ቃል አንድም ሳልጨምር እጽፈዋለሁ፤ «በትምህርት ቤቱ ቋንቋ የደረሰን አቤቱታ የለም።» አዳራሹ እንደ ክፍልዎ ሆነ። ቀጥለውም ጥፋቱን ወደ ቤተሰብ መለሱት፤ ሕፃን ውዳሴ እስካሁን በሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ያልቻለችው በቤቷ ባለው አሮጌ አማርኛ ምክንያት ስለ ሆነ፣ አያቷ ከቤተሰቡ ግቢ ጨርሰው ካልወጡ ወደሚቀጥለው ክፍል አትዛወርም አሉ። ክንዱ ወደ እኔ ዞሮ አላየም። ይህን ሁሉ የተናገሩት ግን በጠራ አማርኛ ነበር፤ ስለዚህ ለጊዜው ጆሮዎንም ሆነ ምላስዎን ተፈጥሮ እንዳልነፈገዎ አረጋግጬ እግዚአብሔርን አመስግኛለሁ።

እንግዲህ የተከበሩ ርእሰ መምህር፣ ትምህርት ቤትዎ ይዘጋ አልልም። እንግሊዝኛውም ይቅር አልልም፤ ልጆቹ ቢያውቁት እወዳለሁ። በትሕትና የምለምነው፣ ሕፃን ልጅ አፉን ሲከፍት በየትኛው ቋንቋ እንደ ከፈተው ከመመርመር አስቀድሞ ምን እንዳለ የሚሰማ አንድ ሰው በግቢዎ እንዲቀጥሩ ነው። ሊቅ መሆን አያስፈልገውም፤ በርዎን የሚጠብቁት ሰውዬ ይበቃሉ። ስለ ጆሮዎ የምመኘውም ይኸው ነው፤ አንድ ቀን ራስዎ በሰው አገር ታመው ሲጣሩ፣ ቋንቋዎን ፈትሾ ፊቱን የማያዞር ሰው ይስጥዎ።

ስለ መኖሪያዬ ያሳሰብዎን በተመለከተ፣ ከግቢው እንዳልወጣሁ፣ እንዲያውም ከጓሮዋ ክፍል ወደ ቀድሞው ቦታዬ እንደ ተመለስሁ በደስታ እገልጻለሁ። ዕቃዬን ተሸክሞ ያስገባልኝ ልጄ ክንዱ ነው። ከዚህ ደብዳቤ ጋርም የልጅቱን የደንብ ልብስ ሠርክአዲስ አጥባና አጣጥፋ ልካለች። ሹራቡ ብዙም አልተለበሰምና ሌላ ዝም የሚል ሕፃን ሲያገኙ ያልብሱት።

ላሳዩን ጸጥታ፣ ለሣሉልን ኮከብ፣ ላበቀሉልን አተር ከምስጋና ጋር፣
የእርስዎ ትሑት አክባሪና በእርስዎ ዘንድ የማይሰማው፣
መሪጌታ ይርሳው ታከለ
ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት 1999 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ክንዱ ያን ያህል ያመነበትን ትምህርት ቤት በአንድ ምሽት ለምን ተወው ብለው መጠየቅዎ አይቀርም። የእኔ ምክር ነው እንዳይሉ። እኔ ዓመቱን ሙሉ ቃሌን ጠብቄ ዝም ብዬ ነበር። ከስብሰባው በተመለስንበት ምሽት ግን ራት ቀርቦ ሳለ ቃሌን በልጄና በምራቴ ፊት አፈረስሁና፣ ያን ሁሉ ቀን ጓደኛሽ ሲሠቃይ ስታዪ ለአባትሽ ወይም ለእናትሽ፣ ወይም ለእኔ እንኳ ስለ ምን አልነገርሽም ብዬ ውዳሴን በአማርኛ ጠየቅኋት። ልጅቱ አስቀድማ ይፈቀድልኝ እንደ ሆነ ብላ የእናቷን ፊት አየች። እናቷ በእሺታ አንገቷን ነቀነቀችላት። ከዚያም የመለሰችልኝ በአማርኛ ስለ ሆነ እርስዎ ባይሰሙትም ያነቡት ዘንድ እጽፈዋለሁ፤ «አባባ፣ የአተርን ስም በእንግሊዝኛ እስኪያስተምሩን እየጠበቅሁ ነበር።»