ሦስት እፍኝ ኮረሪማ

ዘኑዬ፣ የልጆቼ እናት፣

ከተለየሽኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። አፈሩ ይቅለልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። ይህን የምጽፍልሽ በእስክሪብቶ፣ በወረቀት ላይ ነው። ፊደሌን ታውቂዋለሽ፣ በመሠረተ ትምህርት የለቀምኩት ነው፤ አንዱ ቆሞ አንዱ ተኝቶ ነው የሚሄደው። ምራትሽ ሂሩት «አባባ፣ እርስዎ ይበሉልኝ፣ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ልጻፍልዎ» ብላኝ ነበር። አልፈቀድኩም። ለሚስቴ የምለውን ሦስት ማሽን ለምን ይሰማብኛል?

ሱቁ እዚያው ነው። ጣሪያው ታደሰ። ጎረቤታችን ሸምሱ ሥራውን ለልጁ ለቆ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሰው ይታዘባል። አርብ መንገዱ በሰጋጅ ሲሞላ እኔም ሚዛኔን ሸፍኜ፣ እሱ ከአንዋር መስጊድ እስኪመለስ እጠብቀውና አብረን እንቀመጣለን። አንቺን ሳያነሳ አይውልም። «የእትዬ ዘነበች አፍንጫ ሚዛን ነበር፣ ያንተ ለጉንፋን ብቻ ነው» ይለኛል። 

የምጽፍልሽ ግን ስለ ደብተርሽ ነው። አንድ ነገር ሠርቻለሁና ከሌላ ሰው ሳትሰሚ ከእኔ ስሚው።

ያ ሰማያዊ ደብተር፣ የበርበሬውም የሽሮውም የሚጥሚጣውም ቅመም ልክ ያለበት፣ ዳሩን አይጥ ሲበላው ምን እንዳልሽ አስታውሳለሁ። በእሳቱ ጊዜ፣ ከታች ያለው ረድፍ ሁሉ ሲነድ፣ ሰው ከረጢት ሲጎትት አንቺ ደብተርሽን ብቻ በጉያሽ ይዘሽ ወጣሽ። ጮህኩብሽ። «ዕቃ ቢቃጠል ይተካል፤ ይሄ ቢቃጠል እጄ ነው የሚቃጠለው» አልሽኝ። አንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር የለም ማለት ነው ብለሽ ነው ሂሩትን ወደ ማሽን እንድትገለብጠው ያዘዝሻት። አንዱ በሱቁ ማሽን፣ አንዱ በቤቱ፣ አንዱ ሐዋሳ በልጃችን በአልማዝ ማሽን። ሦስቱ እየተላላኩ አንዱ ላይ የተነካው ሌሎቹ ላይም እንዲነካ።

እኔ ያኔም አላመንኩም። መርካቶ ውስጥ ዕቃ በሦስት እጅ ካለፈ ሳይጎድል እንደማይደርስ አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ። በየት በኩል ነው የሚሄደው፣ መንገድ ላይ ማን ያየዋል ብዬ ጠየቅኩ። ሂሩት «ማንም አያየው አባባ፣ ከማሽን ማሽን ነው» አለችኝ። ጽሑፉን ሳየው ደግሞ ባዶ ነው፤ መስመር የለው፣ ቀለም የለው፣ ድፍን ፊደል ብቻ። ይሄ የተገፈፈ ነገር የዘነበች ደብተር ነው ወይ አልኩ። «ጌጥ ሲበዛ ነው የሚበላሸው። ፊደሉን ብቻ ካስቀመጥነው የዛሬ ሃያ ዓመትም የትኛውም ማሽን ያነበዋል» አለች። አንቺ በአልጋሽ ላይ ሆነሽ ሳቅሽ። ከእሷ ጋር ወገንሽ።

አንድ ነገር ነግራኝ ነበር። በቀን መስመሩ ስለሚንቀራፈፍ የሱቁ ማሽን የሚላላከው ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ሲዘጉ አያጥፉት አለችኝ። እሺ አልኩ። ዘኑ፣ እሺ ያልኩት አፌ ነው። ያን እሳት ያየ ሰው የመብራት ቆጣሪውን ሳያጠፋ ሱቅ ይዘጋል? አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ወንበሩን አነሳለሁ፣ ቆጣሪውን አጠፋለሁ፣ ሦስቱን ቁልፍ እቆልፋለሁ። አንድ ቀን አላጓደልኩም። አንድ ጊዜ «አባባ፣ የሱቁ አልተላላከም፤ ያጠፉታል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ አልኳት። አንቺ ያኔ በጣም ታመሽ ነበርና ነገሩ እዚያው ቀረ።

ካለፍሽ በኋላ ቅመሙን የምቀይጠው እኔ ሆንኩ። የሱቁን ማሽን ከፍቼ በጣቴ ፊደል በፊደል እያነበብኩ፣ አንቺ እንዳልሽው፣ ኮረሪማ ሦስት እፍኝ፣ ነጭ አዝሙድ ሁለት እፍኝ፣ አንድም ሳላዛባ። አንብቤ ስጨርስ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ግርጌ አንዲት የመደመር ምልክት አደርጋለሁ፤ ከረጢት አይቼ በከሰል እንደማደርገው። ማንም ቢነካው እንዳውቅበት።

ደንበኛ ግን አጉረመረመ። ያቺ ከአማኑኤል ሰፈር የምትመጣው ሴትዮ፣ ለሠርጉም ለተዝካሩም ከእኛ ቤት የማትወጣው፣ «ጋሼ፣ ይሄ የእትዬ ቅመም አይደለም፤ ኮረሪማው ጉሮሮ ይይዛል» አለችኝ። ጉሮሮሽን ታከሚ አልኳት። ሌሎችም አሉ። ያቀረበልኝን ነጋዴ ጠረጠርኩ። ወፍጮ ቤቱን ጠረጠርኩ፤ ሄጄ እህሌ ሲፈጭ ከድንጋዩ ሥር ቆሜ ዋልኩ። ልክሽን አልጠረጠርኩም፣ እጄን አልጠረጠርኩም።

ባለፈው ወር ጉንፋን ሦስት ቀን አስተኛኝና በኔ ፈንታ ማታ ማታ ሱቁን የዘጋው ልጃችን ብርሃኑ ነው። ልጅሽን ታውቂዋለሽ፤ ቆጣሪ አያጠፋም። ተሽሎኝ ስመለስ ማሽኑን ብከፍት ነገሩ ሁሉ መንታ ወልዷል። «በርበሬ» ይላል፣ ከሥሩ «በርበሬ የሱቅ ግልባጭ» ይላል። ሽሮውም እንዲሁ፣ ሚጥሚጣውም እንዲሁ። አሥራ አንዱ ሃያ ሁለት ሆኗል። አንዱ ላይ የኔ ምልክት አለች፣ አንዱ ላይ የለችም። ምልክት የሌለበትን አነበብኩ። ኮረሪማ ሁለት እፍኝ። ነጭ አዝሙድ አንድ እፍኝ ተኩል። አገላብጬ አየሁ፤ በሁሉም ላይ ተቀንሷል።

ደሜ ፈላ። ከሂሩት ሌላ ማን ሊነካው ይችላል? ከውድ ቅመም እየቆነጠረች ያንቺን ስም ልታረክስ ነው አልኩ። ያቺ የአማኑኤሏ ሴትዮና ሌሎች ሁለት ደንበኞች ቆመው ሳለ ነው ሱቅ ውስጥ ሂሩትን የተናገርኳት። የሞተች ሴት ቃል እየሰረቅሽ ነው አልኳት። ሂሩት ሽርጧን ፈትታ ሚዛኑ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ሸምሱ ከበርጩማው ላይ ሆኖ «ሽማግሌ ሲያረጅ ሌባው ይበዛበታል» አለ፣ እንድሰማው አድርጎ።

በማግስቱ ሐዋሳ ለአልማዝ ደወልኩ። ምስክር ልይዝባት ነው እንግዲህ። ልጅሽ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አደረገቻቸው፤ ፊደል ብቻ ስለሆነ የሚለየው መስመር ቁልጭ ብሎ ይወጣል አለችኝ። ማሽኑ የቀድሞውን ሁሉ በየቀኑ ያስቀምጣል፤ መቼ እንደተነካም፣ የትኛው ማሽን ላይ እንደተነካም ያውቃል። የተነካው ቤት ባለው ላይ ነው። ቀኑንም ነገረችኝ። ሂሩት ከብርሃኑ ጋር እናቷ ጋ ወልቂጤ የከረመችበት ሳምንት ነው። ቤት የነበርነው እኔና አንቺ ነን። እኔ እንደሆንኩ ያንን ማሽን በእጄ ነክቼው አላውቅም።

አልማዝ «አባዬ፣ እዚህ በርበሬው ግርጌ ላይ አንድ መስመር አለ፤ አላነበቡትም?» አለችኝ። ቁጥሩን አይቼ ተናድጄ ነበር፣ እስከ ግርጌው አልወረድኩም። አነበበችልኝ። «በእኔ እፍኝ ሦስት ነበር። ከእንግዲህ የሚሰፍረው እሱ ነው፤ የሱ እጅ ትልቅ ነው።»

ዘኑ፣ ስልኩን ዘጋሁባት።

ኩሊ ሆኜ ጆንያ ስሸከምልሽ፣ ገና ሳንጋባ፣ አንድ ቀን ላግዝሽ ብዬ ለደንበኛ ስሰፍር እጄን በማንኪያ መታሽኝ። «ያንተ እፍኝ እፍኝ አይደለም፣ ጎተራ ነው» አልሽኝ። ከዚያ መዳፍሽን መዳፌ ላይ ለክተሽ ጣትሽ ከየት ላይ እንደሚያልቅ አሳየሽኝ። አርባ ዓመት አብረን ሠርተን ይህን የረሳሁት እኔ ነኝ። አንቺ መቀመጥ እንኳ ሲያቅትሽ፣ እኔ ሱቅ ስውል፣ ትራስ ተደግፈሽ አሥራ አንዱንም አንድ በአንድ ለእጄ አስተካከልሽልኝ። እኔ ደግሞ በየቀኑ ቆጣሪ እያጠፋሁ ቃልሽን ደጅ ላይ አቆምኩት። በመጨረሻ ሲደርስም ምልክቴን አገኘ። እዚህም ተነክቷል፣ እዚያም ተነክቷል፤ ማሽኑ ማን ትክክል እንደሆነ ስለማያውቅ አንዱንም ሳይጥል ሁለቱን አስቀመጠ። ከእኔ ይሻላል። እኔ አንዱን ነበር የጣልኩት።

ይቅርታ የሚባለው ነገር ከአፌ እንደማይወጣ ታውቂያለሽ። የአማኑኤሏ ሴትዮ እስክትመጣ አራት ቀን ጠበቅኩ። ስትመጣ ሂሩትን ከቤት አስጠራሁ። ሸምሱም በርጩማውን አስጠጋ፣ አልከለከልኩትም። ቅመሙን ያበላሸው የኔ እጅ ነው፣ ይቺ ልጅ የነካችው የለም አልኩ። ሽርጧን ራሴ ሰጠኋት። ተቀብላ ስታስር «አባባ፣ እሱስ ይሁን፤ ቆጣሪውን ግን ያጠፉ ነበር ወይስ አያጠፉም?» አለች። ሴትዮዋ ሳቀች። አጠፋ ነበር አልኩ።

መንታዎቹን ሂሩት አንድ አደረገቻቸው፤ ያንቺ ቀረ፣ የኔ ግልባጭ ተነሣ። ምልክቴንም ተውኩ። ሙሉ በሙሉ አመንኩ እንዳትይ፤ አሥራ አንዱንም በወረቀት ገልብጬ በኮቴ ኪስ ይዣለሁ፣ በሳምንት አንዴ ከማሽኑ ጋር አስተያያለሁ። ቆጣሪውንም አሁንም አጠፋለሁ። እሳት እሳት ነው። ግን ሂሩት አንድ ነገር አስተካከለችልኝ፤ ወንበሮቹን ሳነሳ መላላኩ ይጀምራል፣ ሲጨርስ ማዕዘኑ ላይ አረንጓዴ ነገር ይበራል። ሁለት ደቂቃ፣ አንዳንዴ አምስት ይፈጃል።

በዚያች ጊዜ ያንቺ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። የሸምሱ ልጅ መዝጊያውን ሲያወርድ እሰማለሁ። ቃልሽ ቤት እስኪደርስ፣ ሐዋሳ እስኪደርስ፣ መዳፌን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ጣትሽ ከየት ላይ ያልቅ እንደነበር አያለሁ። በሕይወት እስካለሁ አረንጓዴው ሳይበራ ይህን ሱቅ አልዘጋም።

ባለትልቁ እጅሽ