ሁለት አገር የተከራከረበት ወገብ

ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል
ጥር ፳፻፭ ዓ.ም.

ለልጄ ልጅ፣ ለነገዋ ሐኪም፤

ሐዋሳ እንዴት ይዛሻለች? ጤናሽስ? እንደ ጎልቦ ቆላ ግመል እህል ውሃ ሳትቀምሺ ስታነቢ እንዳትውዪ። እኛ፣ ተመስገን፣ ከወገብ በላይ ደህና ነን። በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፄ ስለሚያሳብቅብኝ ነው።

ኅዳር ላይ፣ አመሻሽ፣ የሱቁን መዝጊያ ልስብ ስል ከጀርባዬ መሃል ጩቤ የተሰካብኝ መሰለኝ። ሳልወድቅ፣ ሳልሸከም! አያትሽ ወርቅአየሁ፣ «ዛሬ ደግሞ የትኛውን ሥራ ፈርተህ ነው?» አለችኝ። ስጮህ ግን ደነገጠች፤ ጎረቤታችንን የጤና መኮንኑን ፍራንሲስን ጠራችው።

«ፖሌ ምዜ»፣ አይዞህ አባባ፣ እያለ የእግሬን ጣቶች በመርፌ ወጋ ወጋ አደረገ፤ እምብዛም አልተሰማኝም። ሽንት ይመጣልህ እንደሆነ ብሎ ጠየቀኝ። ምን መድኃኒት ትውጣለህ ሲል ለልቤ የታዘዘልኝን ደም ማቅጠኛ አሳየሁት። ፊቱ ተለወጠ። የጡንቻ አይደለም፣ አከርካሪህ ውስጥ ደም ፈስሶ ነርቭህን ሳይጫነው አልቀረም፤ ከስንት አንድ ሰው የሚይዝ ነው፤ የጀርባ ፎቶና ቀዶ ጥገና ዛሬውኑ ካልተገኘ እግርህ ሽባ ሆኖ ይቀራል አለኝ። ዕድሜ ልኬን ዕጣ ወጥቶልኝ አያውቅም፤ ይኸው ወጣልኝ።

እድርተኛው መኝታ ቤቴን ሞላው። ባለ ሆቴሉ ያዕቆብ ናይሮቢ ይሻላል አለ። ሌሎቹ፣ በቋንቋው ወደሚታከምበት ሐዋሳ ይሂድ፣ ኬንያ ምድር ላይ ቢሞት ሬሳውን ማን ያሻግራል አሉ፤ እኔ እየሰማሁ! «ሬሳውም ሐሳብ አለው» ብላቸው ሳቁ። ፍራንሲስ፣ ወደፈለጋችሁት ውሰዱት፣ ብቻ አሁን እያለ ለመነ። ሽማግሌ ግን ሳይመራረቅ አይነሳም። ሲመሽ የድንበሩ ኬላ ተዘጋ፤ ሐዋሳ ቀረ። ሲነጋ ናይሮቢ ተባለ፤ የመንገዱን ርዝመትና ጉድጓድ ታውቂዋለሽ።

ፎቶው የፍራንሲስን ቃል አጸናው። ደሙን አወጡልኝ። ስለ እግሬ ስጠይቀው ሐኪሙ፣ ምነው በዕለቱ በመጣችሁ አለኝ።

አሁን በየጠዋቱ የእግሬን ጣቶች ተንቀሳቀሱ እላለሁ። እናትሽ ልጅ ሳለች ታደርገኝ እንደነበረው፣ አይሰሙኝም። ይሄን ቀልድ ራሴም አልሳቅሁበት።

ሐኪም ስትሆኚ፣ ደም ማቅጠኛ የሚውጥ ሰው ድንገት ጀርባዬን ካለሽ፣ ቀልደኛም ቢሆን እግሩን ፈትሺ። ዘመድ እስኪመክር አትጠብቂ።

ይህን ይዞልሽ የሚመጣው ሾፌሩ አሰግድ ነው። ጫማውን አይተሽ እንዳትደነግጪ፤ ለምረቃሽ ቀን የገዛሽልኝ ነው። ልክክ አለለት።

እጅሽ መድኃኒት ይሁን። የቆምሽበት ይጽናልሽ።

ጣራ ጣራውን የሚያይ
ወንድ አያትሽ