ያሳደርኩት መርዶ

ጥር 12፣ ማክሰኞ። ጧት 4 ሰዓት

ዶሮው ዛሬም ቀረፃውን አበላሸብን። ሦስተኛ ቀኑ። ቀራጩ ሳሚ ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ ወደ ጓሮ ሮጠ፤ የዶሮውን ባለቤት ሴትዮ እስከ ምሳ ድረስ በቅርጫት ድፊልን ብሎ ለመነ። እሺ አለች፤ ሳቀችብን። ከአ.አ. ድረስ ተጉዞ መጥቶ ዶሮን ዝም በል የሚል ሰው አይታ አታውቅም።

ስቱዲዮ የምንለው የእህል መጋዘን ነው። ዙሪያውን የጤፍ ጆንያ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። እንዲህ ድምፅ የሚመጥ ግድግዳ አ.አ. ውስጥ አላየሁም። መከራው አቧራው ነው። ሳሚ እየቀረፀ ያስነጥሳል፤ እኔ በየመሀሉ ውኃ እጠጣለሁ። እትዬ ተዋቡን ግን አንዴም አላሳላት። ዕድሜዋን ሙሉ በገበያ ጌሾ ስትሸጥ የኖረች ሴት የጤፍ አቧራ ምን ያደርጋታል።

የአልበሙ ነገር ቀላል ነው፣ ደብተሬ። እሷ ታወርዳለች፣ ሳክስፎኔ ይቀበላል። በአምባሰል ቅኝት። ኪቦርድ የለ፣ ድራም የለ። ሃያ ዓመት የሰው አልበም ላይ ነፍቻለሁ፤ ይሄ የራሴ ነው፣ የመጀመሪያዬ። አርባ ስድስት ሞላኝ። ከዚህ በኋላ በማንም አላሳብብም።

እትዬ ተዋቡ የሠርግ ዘፈን አውራጅ ናት። መካነ ሰላም ውስጥ ያለ እሷ የተዳረ ካለ ያልታደለ ነው። ለቅሶም ሲሆን ግጥም የምታወርደው እሷው። ለኔ ግን ከዚያም በላይ ናት። የእናቴ ጎረቤት፣ የእናቴ ጓደኛ። እናቴ ስትሞት አ.አ. ሆቴል ውስጥ ጃዝ እነፋ ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም ብላ፣ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዛ፣ ጎህ ሲቀድ በሬን ያንኳኳችው እሷ ናት።

ከሰዓት፣ 9፡30

አራተኛውን ዘፈን ቀረፅን። ለልጇ ለአበጋዝ ያወጣችው ነው። አንድ ልጇ። በጅቡቲ በኩል ዓረብ አገር ልግባ ብሎ ከወጣ አምስት ወሩ። ዓይኗን ጨፍና፣

ጋቢህን አጥቤ አሰጣሁት ደጅ፣
ብርዱ ሳይመታህ ድረስ የኔ ልጅ።

አለች። ፀጉሬ ቆመ። እኔም ከሆዴ ነፋሁ። ከዚያ መሀል ላይ ሪዱ፣ ያቺ አፍ ላይ የምትታሰር ሸምበቆ፣ ተሰነጠቀች። የመጨረሻዋ ናት። የደጋ ደረቅ ብርድ ነው ያደረቃት። ድምፄ እንደ ጉንፋናም ሰው ሻከረ። እሷ አላቆመችም፤ እኔም እየሻከርኩ ጨረስኩ።

ሳሚ እንደገና መሠራት አለበት ይላል። ልክ ነው። አ.አ. ደውዬ አዲስ ሪድ በሾፌር እንዲልኩልኝ ነገርኩ። ሐሙስ ይደርሳል ተባለ።

ጥር 14፣ ሐሙስ። ቀን 8 ሰዓት

ሪዱ አልመጣም። ጋሽ እንድሪስ መጡ።

የዕድራችን ዳኛ ናቸው። ሳይቀመጡ ሳሚን ወደ ውጭ አስወጡት። አበጋዝ ሞቷል። አብሮት የተጓዘ የአጅባር ልጅ ነው ለወንድሙ የደወለው። ጀልባው ላይ ታሞ፣ የመን ዳር እንደ ወረዱ። ከገና በፊት። እዚያው አሸዋ ውስጥ ቀብረውታል።

ከገና በፊት። ማለት ማክሰኞ ስትጠራው አልነበረም። ማናችንም አላወቅንም።

አበጋዝን ኳስ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ግራኝ ነበር። ሌላ ምን ልጻፍ።

11 ሰዓት

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። እኔም እንደ ቤተሰብ ተጠራሁ። ነገ እንዳይነግሯት፣ እሑድ የእህቷ ልጅ ሠርግ ነው። በሬው ተገዝቷል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ የሙሽራዋ ወገን ከማሻ ተነሥቷል። መርዶው ከወጣ ሠርጉ ለቅሶ ሊሆን ነው። ስለዚህ ሰኞ ጎህ ሲቀድ እንድትረዳ ተወሰነ። በአገራችን እንዲህ ይደረጋል፤ ክፋት የለውም። ጋሽ እንድሪስ ግን ከተማው ሁሉ እያወቀ እሷን ማስዘፈን ምን የሚሉት ጉድ ነው፣ አላህ ይይላችሁ ብለው ተነሡ።

እውነቱን ልጻፍ? ደስ አለኝ። ሰኞ ድረስ ጊዜ አለኝ ብዬ አሰብኩ። በዚያች ደቂቃ፣ ልጁ ሞተ በተባለ በሦስት ሰዓት ውስጥ።

ጥር 17፣ እሑድ። ከሠርጉ መልስ

ዘፈነች። ከጧት እስከ ማታ።

አረንጓዴ ጥለት ያለው ቀሚስ ለብሳ። ሙሽራውን አሞገሰች፣ ሚዜዎቹን ሰደበች፣ የማሻን ሰዎች አሳቀች። ትከሻዋ አላረጀም። ተቀባዮቹ ሴቶች ግን እያወቁ ነው የሚቀበሏት። ድምፃቸው ይወጣል፣ ዓይናቸው መሬት ላይ ነው። አንዷ ወጥታ ከጓሮ አለቀሰች፤ ጭስ ነው አለች። በሙስሊሞቹ ገበታ ጋሽ እንድሪስ ሥጋውን አልነኩትም። እትዬ ተዋቡ አይታቸው፣ ምነው ጋሽ እንድሪስ፣ የታረደላችሁ በግ ከሳባችሁ? ብላ ቀለደችባቸው። ሳቅን። ሁላችንም።

እኔ መቅረጫውን በኪሴ ይዤ ነበር። አብርቼው።

ወንድሟ አቶ ይመር ከከላላ በበቅሎ መጣ። እሱም ሰምቷል። አቅፎ ሲስማት ቶሎ አልለቀቃትም። ምነው ብላ ገፋችው።

ጥር 18፣ ሰኞ። ጧት 3 ሰዓት

ዛሬ ጎህ ሲቀድ መሆን ነበረበት። አልሆነም። እኔ ነኝ።

ትናንት አመሻሽ ሾፌሩ ደወለ፤ መኪናው ተበላሽቶ ደሴ አድሯል፣ ሪዱ ሰኞ ማታ ይገባል። ከተረዳች በኋላ ዓመት አትዘፍንም። ከዚያም በኋላ ያን ዘፈን መቼም አትዘፍነውም። ይህን አሰብኩ። ተነሥቼ ጋሽ እንድሪስ ዘንድ ሄድኩ። ወንድሟ ሳይኖር መርዶ ደግ አይደለም፣ አቶ ይመር ረቡዕ ነው የሚገባው፣ እስከዚያ ይቆይ አልኳቸው። ሠርጉ ላይ የነበረውን ሰው! ሕዝቡ መሀል አላዩትም። አመኑኝ። አንተ ልጇ ማለት ነህ፣ አንተ ካልክ ይሁን አሉ።

አቶ ይመርን ደግሞ ሽማግሌዎቹ ወደ ረቡዕ አዙረውታል አልኩት። ግራ ገባው፤ እሺ ብሎ እስከዚያ ወደ ከላላ ተመለሰ።

ሁለት ውሸት። ለአንዲት ሸምበቆ።

ጥር 19፣ ማክሰኞ። ቀን 6 ሰዓት

ቀረፅን።

በሕይወቴ እንዲህ ነፍቼ አላውቅም። አዲሱ ሪድ እንደ ቅቤ ነው። እሷ ስትጠራ ሳክስፎኑ ከሩቅ፣ ከገደል ማዶ እየመጣ ያለ ሰው ሆኖ መለሰላት። እሷም ሰማችው። ፊቷ በራ። ያልነበረ ግጥም ጨመረች፣

መንገደኛ ሁሉ ከሩቅ ሲታየኝ፣
ልጄ መጣ ብዬ እግሬ ቀደመኝ።

ሳሚ አላስነጠሰም።

እሷ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጋቢውን ዛሬ ጧት ደግሜ አጠብኩት፣ ፀሐይዋ ጥሩ ናት አለችኝ። እጄን ያዘች። ጥሩ ተቀባይ ሆነሃል፣ እናትህ ብትሰማህ አለች።



ጥር 20፣ ረቡዕ

ጎህ ሲቀድ ሄድን። አሥራ አንድ ሰው። ጋሽ እንድሪስ ከፊት፣ አቶ ይመር ከጎናቸው። እኔ ከኋላ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አጥሩ ሥር ቆሙ።

በሩን ራሷ ከፈተች። እንደዚያ ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን እንደሚይዝ ከማንም በላይ ታውቃለች። እያንዳንዳችንን አየችን። እኔም ላይ ደርሳ አለፈች። ከዚያ በቀስታ፣ አበጋዝ ነው? አለች።

ጋሽ እንድሪስ፣ «አብሽሪ ተዋቡ፤ ሶብር አድርጊ፣ ቻይው» አሉ።

ሴቶቹ ጮኹ። የለቅሶ ግጥም የምታወርደው እሷ ናት፤ ለሷ ማን ያውርድላት? እርስ በርስ ተያዩ። እሷ መሀላቸውን ሰንጥቃ ወደ አጥሩ ሄደች። ጋቢው እንደ ተሰጣ አድሯል። አወረደችው። ጤዛ አርሶታል። ግቢው መሀል ዘረጋችው፣ ፎቶግራፉን አምጥታ ከላዩ አኖረች፣ አጠገቡ ቁጭ አለች። ከአፏ አንድ ስንኝ አልወጣም። እርጥቡን ጋቢ በእጇ ታሸዋለች፣ ታሸዋለች። እስከ ቀትር።

ጥር 23፣ ቅዳሜ። ሠልስት

ታወቀብኝ። ደግ ሆነ።

ሰው ተሰብስቦ ሳለ አቶ ይመር በየዋህነት ነው የተናገረው። እኔ እሑድ መጥቼ ሽማግሌዎቹ እስከ ረቡዕ ለምን እንዳቆዩት እስከ ዛሬ አልገባኝም አለ። ጋሽ እንድሪስ ቀና አሉ። ወደ እኔ አላዩም፤ መሬት አዩ። ከዚያ የባሰ ስድብ የለም። እትዬ ተዋቡ ከተኛችበት መደብ ተነሥታ ተቀመጠች። ማነው ያቆየው? አለች።

እኔ ነኝ አልኩ።

ሠርጉንስ ይሁን፣ የሰው ደስታ ነው፤ ሁለቱ ቀን ለምን ነበር? አለች። ለዘፈኑ አልኩ። አልጮኸችም። አልረገመችኝም። ይልቅ ብትረግመኝ።

«ማክሰኞም ስትቀበለኝ ታውቅ ነበር?»

አዎ።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጋሽ እንድሪስ በክንዴ ይዘው አስወጡኝ። እሷ እኮ ላንተ ሁለት ቀን ተጉዛለች አሉኝ በር ላይ። ተመልሰው ገቡ።

የካቲት 6፣ ዓርብ

ሳሚ ቀረፃውን ሁሉ ይዞ አ.አ. ከገባ ሁለት ሳምንት ሆነው። እኔ እዚሁ ነኝ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። በየቀኑ በደጇ አልፋለሁ። አልገባም።

አሳታሚው ደወለ። አራተኛው ዘፈን፣ ሁለተኛው ቀረፃ፣ አልበሙ ማለት እሱ ነው ይላል። ሳሚ ታሪኩን አውርቶለታል። ልጇ መሞቱን ሳታውቅ የዘፈነች እናት። ሽፋኑ ላይ እንጻፈው፣ ሰው ያለቅሳል አለ። ደስ ብሎት ነው የሚያወራው። አስብበታለሁ ብዬ ዘጋሁ።

ላንተ አልዋሽም ደብተሬ። አንድ ሰዓት ያህል በእውነት አሰብኩበት። ርዕስ ሁሉ አወጣሁለት።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ

አልነፋሁም። ሳክስፎኑ ከሳጥኑ ከወጣ ወር ሊሞላው ነው። እናቴን በሕልሜ አየሁ፤ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። አልደነቀኝም።

የካቲት 28፣ ቅዳሜ። ቀን 10 ሰዓት

ገበያ ወጥታለች። ከሐዘኗ ወዲህ ዛሬ ገና ነው። ጥቁር ለብሳ፣ ጌሾዋን ከፊቷ ዘርግታ።

ሄድኩ። ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አልኩ። የአበጋዝን ዘፈን ሁለቱንም ቀረፃ ላጠፋቸው እንደሆነ ነገርኳት፤ አልበሙ ውስጥ አንዱም አይገባም፣ ማንም አይሰማውም አልኩ። እሷ ጌሾውን ትለቅማለች። እንጨቱን ከቅጠሉ ትለያለች።

ቆይታ ጠየቀችኝ። ስንት ጊዜ ነው የዘፈንኩት?

ሁለት ጊዜ።

አንተም ያላወቅከው የቱ ላይ ነው?

የመጀመሪያው ላይ አልኩ። ግን ሪዱ ተሰንጥቆ ስለነበር ድምፄ ይሻክራል፣ የተበላሸ ነው፣ አያምርም አልኳት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስለ ማማር ነበር የማወራው።

«እሱን ስጠኝ» አለች። «እዚያ ላይ ሁለታችንም እሱን ነበር የምንጠራው።»

ስልኬ ውስጥ አለ። የሷ ትንሽ ስልክ ሚሞሪ ካርድ ትቀበላለች። ሱቅ ሮጥኩ፣ ገልብጬ አመጣሁ። እንዲህ አድርገሽ ክፈቺው ብዬ ላሳያት ስል እጇን አነሣች። የጎረቤት ልጅ ያሳየኛል አለች። ሚሞሪዋን በመቀነቷ ጫፍ ቋጠረቻት። ጌሾ የሚገዛ ሰው መጣ፤ ዞረችለት። ሂድ አላለችኝም፣ ና አላለችኝም። ተነሣሁ።

11፡30

ሳሚ መስመር ላይ ነው፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው። የመጀመሪያውን ከኮምፒዩተሩ አጠፋው፤ ያለው አሁን በመቀነቷ ውስጥ ብቻ ነው። ከኔም ስልክ አጥፍቼዋለሁ። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። ወንድሜ፣ በሕይወትህ እንዲህ ነፍተህ አታውቅም እኮ አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ለመጨረሻ ጊዜ ላሰማህ? አለ።

ለመስማት ጓጓሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ጓጓሁ።

አይ፣ አጥፋው አልኩት።