ስለ አራቱ ጁማዎችና ስለታገደው ሳቅ

ለተከበሩ አቶ ኢዮስያስ፣ የማኅበራችን የዓርብ ፊልም ኮሚቴ ሰብሳቢ

ጤናዎ እንደ ሥልጣንዎ የጸና ይሁን እያልኩ፣ በዚህ ዓረብ አገር በደስማ ሰፈር በሰው ቤት የምሠራው እኔ ብዙነሽ፣ ከሙቀቱና ከማዳም በቀር የከፋኝ እንደሌለ በትሕትና እገልጻለሁ።

አንደኛ፤ በዚህ ዓርብ ሊታይ የነበረውን ኮሜዲ «ታሪኩ አይታመንም» ብለው ስላገዱልን እናመሰግናለን። ሁለት ቅጥር ነፍሰ ገዳዮች ጁማ የሚባል ሾፌር ሊገድሉ ይላካሉ፤ የቤቱ እመቤት ግን የቀጠረችውን ሾፌር ሁሉ ጁማ ስለምትል ሦስት ጁማ ያገኛሉ። ሊያጣራ የገባው አንደኛው ገዳይ ራሱ ተቀጥሮ አራተኛው ጁማ ይሆንና ባልደረባው እሱኑ ማሳደድ ይጀምራል። በምትኩ የዓመታዊ ስብሰባችንን ቅጂ ከነሙሉ ንግግርዎ እንደሚያሳዩን ሰምተን ተጽናንተናል። ባለፈው ሲታይ አሥራ አንድ ነበርን፤ አምስቱ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።

ሁለተኛ፤ «ሰው እንዴት በሰው ይሳሳታል?» ብለዋል። አዋቂ ነዎትና አልከራከርም። ብቻ እኔ ደስማ የገባሁ ቀን ማዳም «ብዙነሽ ይረዝማል፤ የበፊቷ ሳምሪ ነበረች፣ አንቺም ሳምሪ» ብላኝ፣ ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሳምሪ ነኝ።

ሦስተኛው አያስቅም። በዚያው በገባሁበት ሰሞን የእውነተኛዋ ሳምሪ እናት በቤቱ ስልክ ደወሉ። ልጃቸው እኔ ሳልመጣ ከቤቱ ጠፍታ የአገራችን ሰው ወደሚበዛበት ሰፈር፣ ወደ ጅሊብ ሄዳለች ይባል ነበር፤ ማዳም ግን ስለ እሷ ትንፍሽ እንዳልል አስጠንቅቃኝ አጠገቤ ቆማለች። «ሳምሪዬ፣ አንቺ ነሽ?» ሲሉኝ «አዎ እማዬ፣ ደህና ነኝ» አልኩ። «ድምፅሽ ምን ሆነ?» አሉ። «ጉንፋን ነው» አልኩ። መርቀውኝ ዘጉ፤ ከዚያ በኋላ አልደወሉም። ልጃቸውን መፈለግ የተዉት በእኔ ቃል ይመስለኛል። በመጽሐፍ ያነበብኳቸው ነፍሰ ገዳዮች የሠሩትን ያውቃሉ፤ እኔ ሳምሪ ትኑር ትሙት አላውቅም።

ስለዚህ ፊልሙ ይታይ። ለኮሜዲ የጅሊብ ሴቶች አዳራሹን ይሞሉታል፤ ለንግግርዎ ግን፣ ይቅርታዎን፣ አይመጡም። ከሳቁ በኋላ ሦስት ደቂቃ ማይክሮፎን ይፍቀዱልኝ። ሳምሪን የሚያውቃት እንዳለ ልጠይቅ፤ እናቷን ያናገርኩት እኔ መሆኔንም ልናገር።

ይህን ደብዳቤ ከማይታመኑት ታሪኮች ጋር እንደሚያስቀምጡልኝ በመተማመን፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ የምነሣዎ፣

ብዙነሽ (ማዳም ፊት ሳምሪ)

ማስታወሻ፦ ባለቤቴ ያረፈ ጊዜ ማኅበሩ ባዘጋጀው ለቅሶ ላይ አቅፈው ያጽናኗት ጓደኛዬን ቆንጂትን ነበር። የቆንጂት ባል ያን ዕለት በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር፤ በጤናው ነው፣ ሰላም ይልዎታል። ዓርብ ማይክሮፎኑን ሊነጥቁኝ ከተነሡም፣ በእኔ ፈንታ እሷን እንዳይነጥቋት አደራ።