የጋራዡ መዝጊያ ቀለም

ይድረስ ለልጄ ለአላምረው፣ አሥመራ።

ጤናህ እንዴት ሰንብቷል? እኔና እናትህ፣ ምስጋና ለመድኃኔ ዓለም ይሁንና፣ ደኅና ነን።

ማኪናህ የቆመችበት ጋራዥ ሁለቱ የፋይዚት መዝጊያዎች፣ የታመቀ የእንጨት ብናኝ ናቸውና፣ በክረምቱ ውሃ ጠጥተው ከሥራቸው አብጠው ነበር። ቀቢው አለነ የታችኛውን ጠርዝ ዘወትር ሳይቀባ ስለሚተወው አሰናብቼው፣ ፍቄና አድርቄ በገዛ እጄ ቀባኋቸው። እናትህ ግን፣ «ምነው አንቱ! አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሰማያዊ ሆኖ የለም እንዴ?» ብላ ጎረቤት ሰበሰበች። ጥፋቱ ጣሳዎቹን ያደባለቀው የባለ ሱቁ ነው። እኔ በፀሐይ ቆሜ ብመረምራቸው ሁለቱም አንድ ናቸው።

እህትህ ሐረገወይንም ዳዊቴን ስታነብልኝ የሚጠብቀውን እያላላች ታናድደኛለች።

የዘንድሮ ቀለም ፈዛዛ ነውና ስትጽፍልኝ ፊደልህን አጉላው። ለጥምቀትም አትቅር፤ መልክህን ልየው።

በደኅና ያገናኘን።

አባትህ ቢያዝን፣ ከጎንደር።